የአያ መኳንንት ባሕር ዛፍ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስብሰባ ጠርተውን ነበር። አንድ ወጣት አሠልጣኝ ስለ «አረንጓዴ የሰው ሀብት አስተዳደር» ሲያስረዳ፣ አካባቢውን የሚጠብቅን መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከልቡ ይወደዋል አለን። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ደም ደም ሸተተኝ።

በጎረምሳነቴ በይጁቤ መንገድ ባለ የምንጭ ውኃ ማሸጊያ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራ አስኪያጁ ደንብ አወጣ፦ ከምንጩ በላይ ባሕር ዛፍ ያለው ቤተሰብ፣ ዛፉን ቆርጦ በቦታው ወይራና ኮሶ ካልተከለ ልጁ ቋሚ ሠራተኛ አይሆንም። ባሕር ዛፍ ምንጭ እንደሚያደርቅ እኛም እናውቃለን። ግን ለገበሬ ጧሪው እንደሆነ ያ ሰው ቢሮው ተቀምጦ መች ይገባዋል! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጓደኛዬ ይታያል ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ ቋሚ መሆን ነበረበት። አባቱን አያ መኳንንትን ቢለምን ቢያስለምን እምቢ አሉት። አንዴ ከተቆረጠ ይለምዱታል ብሎ፣ አባቱ ገበያ የወጡ ዕለት እኛን የመሥሪያ ቤቱን ልጆች በደቦ ጠራን። ሰኔ ነበር፤ መሬቱ ረስርሷል። የባቄላ ንፍሮ እየቃምን፣ ጠላ እየጠጣን፣ እየዘፈንን ቆረጥን። የቅጠሉ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቅ ነበር።

አያ መኳንንት ደረሱ። አህያቸውን ለቀው ከመሬት መጥረቢያ አነሡና በመጥረቢያው ጀርባ የልጃቸውን ክንድ መቱት። አጥንቱ ቋ ሲል ሁላችንም ሰማን።

«አባ፣ ለልጄ ብዬ ነው!»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

ደገሙት፤ ትከሻው ላይ። «በሕግ አምላክ!» ብለን ብንጮህ ማን ሰምቶ! ተረባርበን ስንጥላቸው እጄን ነክሰው አደሙኝ። ይታያል ሲወድቅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ጭቃው ላይ ደም ይተፋል፤ አንድም ጊዜ እጁን አላነሣባቸውም። እሳቸው ከእኛ ሥር ሆነው፣ «ሬሳዬን እንዳትሸከም!» አሉት።

ይታያል ክንዱ ሳይድን ቋሚ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ አቁሞ «የቁርጠኝነት ምሳሌ» ብሎ አስጨበጨበለት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ምንጩ ዛሬ በበጋም አይጎድልም፤ ይህን አልክድም። አያ መኳንንት ያረፉ ጊዜ ግን ይታያል ቃሬዛውን ሊይዝ ሲጠጋ አጎቱ ገፈተሩት። ብቻውን ከኋላ እያለቀሰ ተከተለ።

በእሱ ቦታ የተሸከምሁት እኔ ነኝ። እኔም እኮ ያን ቀን መጥረቢያ ይዤ ነበር። ግን ማንም አልከለከለኝም፤ ልጃቸው አይደለሁማ።