የንጉሡ እግር ያዥ

ባሌ ቴግዋሬድ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሥራ አንድ ነው፤ የንጉሥ እግር መያዝ። ስትሰሙት ትስቁ ይሆናል። እኔም ስታጭ ስቄአለሁ። አባቴ «ልጄ ሂኒድ፣ የቤተ መንግሥት ሰው ጠይቆሻል» ሲለኝ ቢያንስ ቢያንስ ፈረሰኛ መስሎኝ ልቤ ዘሎ ነበር።

«ሥራው ምንድን ነው?» አልኩት።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ንጉሡ ግብር ሲያበላ እግሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይይዝለታል። ሲያሳክከው ደግሞ ያክለታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ንጉሡ ወደ መኝታው እስኪሄድ ይዞ ይቆያል። ምን አነሰሽ?»

እኔ ሳቄን ልጨርስ አልቻልኩም፤ አባቴ ግን ሁለት ላም ተቀብሎ ነበርና ተዳርኩ። ኋላ ላይ ሳየው ሥራው የሚናቅም አልነበረም። በእኛ በዌልስ አገር እግር ያዥ እንደ ዳኛውና እንደ ፈረሰኞች አለቃ በሕግ የታወቀ ቦታ አለው። ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ከንጉሡ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላል። እኔ ክረምቱን በአጃ ቂጣ ስከሳ እሱ በንጉሡ የበግ ቅልጥም ይወፍር ነበር። «ትንሽ እንኳ ደብቀህ አታመጣልኝም?» ስለው «እጄ መቼ ባዶ ሆኖ?» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ እጁ ላይ ሁልጊዜ የንጉሥ እግር አለ።

ንጉሥ ክንቭሪግ አፈ ቅቤ ሰው ነበር። ሲናገር ድንጋይ ያባብላል። ቄሱም፣ ዳኛውም፣ ንግሥት አንጋራድም እውነቱን ከውሸቱ መለየት አቅቷቸው ኖረዋል። ባሌ ግን መጀመሪያ የአባቱን ኋላም የእሱን እግር ሠላሳ ዓመት ስለያዘ የማያውቀው ነገር የለም። ንጉሡ ሲዋሽ የግራ እግሩ አውራ ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

«ዛሬ አራት ጊዜ ዋሸ» ይለኛል ቤት ሲገባ። «ንግሥቲቱን ‹የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ሚስት በዓይኔም አይቻት አላውቅ› ሲላት፣ ሂኒድ ሙች፣ ጣቱ ሊሰበር ነበር።»

እኔ ወሬው ሆዴን እየነፋኝ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንዲት ጎረቤቴ ብቻ ነው የነገርኳት፤ እሷም ላትናገር ማለች።

ልጅ አልወለድንም። ነገር ግን የክንቭሪግ አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ፣ ከአራት ሴቶች ልጆች የወለደ ሰው ነበር፤ በእኛ ሕግ ደግሞ አባት «የኔ ነው» ካለ በቃ፣ ከየትም ይወለድ ልጅ ልጅ ነው፣ ርስትም ይካፈላል። የንጉሥ ልጅ በእናቱ ቤት አያድግም፣ ለአሳዳጊ ይሰጣል። ስለዚህ ወንድማማቾቹ እዚህና እዚያ ተበታትነው ያድጉና የሚተዋወቁት አገር ሲካፈሉ ነው። ትውውቁ ብዙ አይቆይም። ለእኛ የደረሰን ትንሹ ሪሪድ ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅ፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ቀኑን ሙሉ የሚናከስ። እንደ ነፍሴ ወደድኩት። ቴግዋሬድማ ከግብር ሲመለስ የደከመ እጁን ሳያሳርፍ የልጁን እግር እያሸ ያስተኛው ነበር።

ሪሪድ ሃያ ዓመት ሲሞላው ንጉሥ ክንቭሪግ ላከበት፤ «ለፋሲካ ና፣ የአባታችንን አገር እንካፈል» ብሎ። ከዚያ በፊት ሌላው ወንድሙም እንዲሁ ተጠርቶ ነበር፤ አሁን በገዳም በር ተቀምጦ በዘንግ መንገድ ይዳብሳል። ዓይኑ የጠፋ ሰው አይነግሥም፣ አገርም አይካፈልም። ብረት ማጋል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«አትሂድ» አልኩት።

«እማ፣ ወንድሜ እኮ ነው፤ በፋሲካ ነው የጠራኝ» አለ ልጄ። አሥራ ስምንት ዓመት መመገቤ ለአእምሮው አልደረሰም።

በበዓሉ ቀን እኔም ለንግሥቲቱ አይብ ላቀርብ በሚል ሰበብ አዳራሹ ገባሁ። ገና ቀትር ነው፤ የማር ጠጁ ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። ባሌ እንደ ልማዱ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ የንጉሡን ሁለት እግር ታቅፏል። ንጉሡ እጁን ዘረጋ።

«ሪሪድ ወንድሜ! ና እስቲ አጠገቤ ተቀመጥ። ነገ ጧት ሕጉ እንደሚለው አንተ ታናሹ አገሩን ትከፍላለህ፣ እኔ ታላቁ እመርጣለሁ። ከዚያ በሰላም ወደ ድርሻህ ትሄዳለህ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለ በገናው የንጉሡን ዘር ከአያት ከቅድመ አያት እያለ ወደ አዳም ሊወስድ ጀመረ። እኔ ግን ባሌን ነበር የማየው። ጎንበስ ብሎ የንጉሡን የግራ አውራ ጣት አየ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ግብር ላይ ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ሰው ተናገረ።

«ይህን ልጅ በጥበቃዬ ሥር አድርጌዋለሁ።»

በገናው ጸጥ አለ። መጀመሪያ የሳቀው የፈረሰኞቹ አለቃ ነው። «ስሙልኝ! እግር አካኪው ጠባቂ ሆነ!»

«ከማን ነው የምትጠብቀው?» አለ ንጉሡ። «እኔ ቤት ምን ይነካዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ። ብቻ ጠብቄዋለሁ።»

ንጉሡ ወደ ሽማግሌው ዳኛ ዞረ። ዳኛው ከንጉሥ ይልቅ ሕግ የሚወድ፣ በዚህም ምክንያት ማንም የማይወደው ሰው ነው። «ሕጉ ግልጽ ነው» አለ ጢሙን እየዳበሰ። «ንጉሡ እግሩን ጭኑ ላይ ካሳረፈ ጀምሮ ወደ መኝታው እስኪሄድ ድረስ፣ እግር ያዡ ጥበቃ የሰጠውን ሰው ማንም አይነካውም። ቢፈልግ እስከ ድንበር ይሂድ፣ መንገዱ ክፍት ነው።»

«እስክተኛ ድረስ?»

«መኝታዎ ላይ እስኪተኙ ድረስ።»

ንጉሡ አፉን ከፍቶ አዛጋ። «እንግዲያው እንቅልፌ መጣ።» ፀሐይ በመስኮቱ ፊቱ ላይ እየበራች ነው። ከሎሌዎቹ ከፊሉ ሳቁን በጠጅ ዋጠ። ንጉሡ እግሩን ሊስብ ሲል ባሌ ተረከዙን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።

«ጌታዬ፣ እግርዎ ዛሬ እንዴት ደንድኗል! ትንሽ ላሽዎት።»

«ተው ልቀቀኝ።»

«እሺ ጌታዬ» አለና አውራ ጣቱን ከውስጥ እግሩ መሐል ቀብሮ ማሸት ጀመረ።

«ልቀቀኝ አልኩህ እኮ... ተው ቴግዋሬድ... ኧረ እዚያ ጋ... ትንሽ ከፍ አድርገው... እ... እ...» ንጉሡ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ጥቂት ቆይቶ የንጉሥ የማይመስል ማንኮራፋት ተሰማ። እንቅልፍ ወሰደው፤ ያውም ከነዙፋኑ። መኝታው ግን ገና ባዶ ነው።

የፈረሰኞቹ አለቃ ብድግ አለ። «ይቀስቀሱ!»

«ማነው የሚቀሰቅሰው?» አለች ንግሥት አንጋራድ ቀስ ብላ። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቿ ቀሚሷን ይዘዋል። «ባሌን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰ ሰው ኋላ ምን እንደሚደርስበት ታውቃለህ። ተነስ እስቲ፣ ቀስቅሰው።» አለቃው ተመልሶ ተቀመጠ። ያ ወሬ ንግሥቲቱ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት በዚያ ቀን ለአገር የሚጠቅም ሥራ ሠራች እላለሁ፤ እግዜር ይስጣት።

ሪሪድ አሁንም አፉን ከፍቶ ቆሟል። ጆሮውን ይዤ ጎተትኩት።

«እማ፣ ርስቴስ?»

«አንተ ጅል! ዓይንህን ይዘህ ሂድ፤ መሬቱ የትም አይሸሽም!»

በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ንጉሥ አገር ገባ። ክንቭሪግ የነቃው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። ባሌ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም፤ ከወገቡ በታች ሬሳ ሆኖ፣ እግሩን ግን እንደያዘ ነበር። ንጉሡ ባዶውን ወንበር አየ፣ ባሌን አየ። በሕግ የተሰጠ መብት ነውና ሊቀጣው አልቻለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ግብር ላይ ጫማውን አላወለቀም፤ ቴግዋሬድም ሥራ ፈትቶ ቤት ገባ።

ሰባት ዓመት ቤት የዋለ ባል ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። እጁ ስለሚያስቸግረው የውሻችንን እግር ያሽ ጀመር። ውሻው ሰነፈ፣ ተኩላ ሲመጣ እንኳ በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ይዘረጋ ነበር። በጎቹን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ።

በስምንተኛው ዓመት ክንቭሪግ ብዙ ዓሣ በልቶ ሆዱን አሞት ሞተ። ሪሪድ ወታደር አስከትሎ ወንዙን ተሻገረ፣ ያለ ብዙ ደም ነገሠ። ከአዳራሹ በፊት የመጣው ወደ እኛ ቤት ነው። ጢም አውጥቶ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ አሁንም እንደ ድሮው ቂጣዬን ሳያላምጥ ይውጣል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና አለቀስኩ።

«አባዬ፣ ቦታህ ይጠብቅሃል» አለ። «ከነገ ጀምሮ እግሬን አንተ ነህ የምትይዘው።»

«አልፈልግም» አለ ቴግዋሬድ።

«ለምን?»

ባሌ እሳቱን ቆሰቆሰ። የፈራውን ነገር እኔ ነበርኩ የማውቀው፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

«የወንድምህ ልጆችስ? የአንጋራድ ልጆች?» አልኩት።

«እማ ደግሞ! የወንድሜ ልጆች አይደሉም እንዴ? ማን ይነካቸዋል?»

«ጫማህን አውልቅ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ቴግዋሬድ ቢያይ እሱም አልሳቀም። ሪሪድ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ፤ ቀስ ብሎ ጫማውን አወለቀና እግሩን ባሳደገው ሰው ጭን ላይ አኖረ።

«በል ያልከውን ድገመው» አልኩት።

«የወንድሜን ልጆች አልነካም» አለ ልጄ።

እግሩን ማየት ፈርቼ የባሌን ፊት አየሁ። ቴግዋሬድ እግሩን ለብዙ ጊዜ ያዘው። ከዚያ ውስጡን አሸለት፣ ጫማውን ራሱ አጠለቀለትና ማሰሪያውን ቋጠረለት።

«ሂኒድ» አለኝ፣ «እሳቱ ዳር ሁለት መኝታ አንጥፊ። ልጆቹ እዚህ ያድጋሉ።»

ሪሪድ እስከ ጆሮው ቀላ። «አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ንጉሥ ነህ፤ አውቃለሁ። ነገ ከእራት በፊት ላካቸው።»

ላካቸው። ቴግዋሬድ ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ ውስጥ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ግባ አልኩት፣ አልሰማኝም። ልጆቹ ከፈረስ ሲወርዱ ትንሹ አፍንጫው እየፈሰሰ ያለቅሳል። ባሌ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የሁለቱንም አገጭ ቀና አደረገና ዓይናቸውን አንድ በአንድ አየ። አራቱም ነበሩ።