ለሐጂ ማንም አይመልስም

ባህር በሌለበት ጆሃንስበርግ፣ ዋና የማልችለው እኔ፣ ፖሊስ ጣቢያ ታስሬ የጀልባ ሥራ ተምሬያለሁ። የሰመጠ መርከብ ሊያዩ ጥልቅ ባህር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎችን የሚጭን ጀልባ። በተማርኩትም የሰው ነፍስ አድኛለሁ። አላመናችሁም አይደል? ሚስቴም አላመነችኝም፤ እሷ እንኳን የማወራውን ግማሹን የምታምን ሴት ናት።

የዓለም ዋንጫው ካለፈ ብዙም አልቆየም። ከሀገር ቤት የመጡ ባለስልጣኖች አንድ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ጠርተዋል፤ እኛ ደግሞ ውጪ ቆመን የታሰሩት ይፈቱ እያልን እንጮሃለን። ማለቴ ሌላው ይጮሃል፣ እኔ ከዋንጫው የተረፈች ቩቩዜላዬን እነፋለሁ። ሐበሻ በሚነግድበት ጄፒ መንገድ ላይ እንደኔ ቩቩዜላ የሚነፋ አልነበረም፣ አሁንም የለም። ፖሊስ መጣና ፈቃድ የላችሁም ተበተኑ አለን። አልተበተንንም። ከፊት የቆምነውን እየለቀመ ቫን ላይ ጫነን። ቩቩዜላዋን ሲቀማኝ «ባባ፣ እሷ እዚሁ ነው የተወለደችው፣ የመኖሪያ ፔፐር የሌለኝ እኔ ነኝ» ስለው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ካቴናውን አጠበቀው።

ያስገቡን ክፍል ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ በላይ ምን ቀለም እንደነበረ አይታወቅም። የበረኪናና የሽንት ሽታ አለው። ጥግ ላይ በር የሌለው የብረት ሽንት ቤት፣ ከጎኑ አንድ ቧንቧ፣ ከላይ እጅ የማይደርስበት መስኮት። ብርድ ልብሱ ግራጫ ሆኖ ሻካራ ነው፣ ለሁለት አንድ።

ከኛ ጋር የተያዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። ከስልጤ የመጡ፣ ቮስሎሩስ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው። መርፌያቸው ሱቅ ቀርቷል። ለፖሊስ እንንገር ስንላቸው እጄን ያዙኝ።

«ሆስፒታል ብለው ብቻዬን ያወጡኛል። ከዚያ ለኤምባሲ ሰዎች ያስረክቡኛል። ስሜ ሲጠራ እናንተ መልሱልኝ፣ እኔ ልተኛ።»

ሀገር ቤት የታሰረ ሰው ይሄ ይገባዋል። እዚያ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» የተባለ ሁሉ አይመለስም ነበር። ሐጂ ሁለቴ ታስረዋል፤ ከጎናቸው እየተጠራ ወጥቶ የቀረ ሰው ያውቃሉ። ስለዚህ እሺ አልን።

ቆጠራ የነበረው ፖሊሶቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። አንድ ወፍራም ሳጅን ፍርግርጉ ጋ ቆሞ ስም ይጠራል፣ አንገቱን ቀና አያደርግም፣ የስ የሚል ድምፅ ከሰማ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለሐጂ በተራ ነው የምንመልሰው። መምህሩ እኔ ነበርኩ። «ጉሮሮህን ጠረግ አድርግ፣ ትንሽ አስልበት፣ አሁን የስ በል።» አንዱ ጥሩ አድርጎ ሲመልስ ሐጂ ከብርድ ልብሱ ስር «ይሄ ከኔ ይሻላል» ይሉ ነበር። የመጀመሪያ ቀን።

በማግስቱ ግን ቀልድ የለም። ቧንቧው ስር ተጎንብሰው ይጠጣሉ፣ ይሸናሉ፣ ደግሞ ይጠጣሉ። ከዚያ መነሳት አቃታቸው። አፋቸው የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ጠዋት ቆጠራ ላይ እንደልማዳችን መለስንላቸው።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ነጭ ነበር። ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ተልጦ የበሰለ፣ ካልሲ የሌለው፣ ከማንም ጋር የማያወራ። ከቆጠራው በኋላ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። እንግሊዝኛዬን ማንም አላስተማረኝም፣ ከሬዲዮና ከደንበኛ ለቃቅሜ ነው፤ ግን እንደኔ ማውራት የሚወድ ስለሌለ እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው።

«ያ ሽማግሌ ስሙ ሲጠራ ለምን ራሱ አልመለሰም?» አለኝ።

«አሞት ተኝቷል። እኛ መለስንለት።»

«አንተም ጓደኛው ነህ?»

«ሁላችንም ነን።»

ከዚያ ወሬውን ጀመረ። ባህር ዳርቻ ላይ ባለች ከተማ የጀልባ ካፒቴን ነው። ጀልባውን ከነራሱ እየተከራዩ ሰዎች ይመጣሉ፣ የሰመጠ መርከብ ያለበት ድረስ ይወስዳቸዋል። መርከቡ በጣም ጥልቅ ነው ያለው፣ ገመድ ይዘው ነው የሚወርዱት። እሱ አይወርድም። ሥራው ከላይ፣ ጀልባው ላይ መቆየት ነው። ማን ከማን ጋር እንደወረደ ያውቃል፣ ኦክስጅኑንና ሬዲዮውን ይፈትሻል፣ ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ሞተሩን አያስነሳም። ሲመለሱ ደግሞ በየስማቸው ይጠራል። እያንዳንዱ በገዛ አፉ ካልመለሰ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም።

«አንድ ቀን ነፋስ ተነሳ» አለ። «ሰው ሁሉ ያስመልሳል። ስም ጠራሁ። ለአንዱ ጓደኛው መለሰለት፤ ከኋላ ተጋድሞ ያስመልሳል ብሎ ነው፣ እንዳያስቸግረው ብሎ። ድምፅ ሰማሁ፣ ፊቱን ግን አላየሁም። ሞተር አስነሳሁ።»

«ከዚያስ?»

«መቅረቱን አውቀን ወደ ቦታው ስንመለስ ባህሩ ላይ ማንም የለም።»

እዚህ ጆሃንስበርግ የመጣው የሟቹን ቤተሰብ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። ለካ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አሳልፎ ይፈለግ ነበር፤ በራፋቸው ላይ ተያዘ።

«ጠበቃዬ አትስጋ ይለኛል። ሰዎቹ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የራሴ ነው ብለው ፈርመዋል። ፊርማው እኔን ሊያድነኝ ይችል ይሆናል።» ወደ ሐጂ አየ። «የሞተሩ ቁልፍ ግን በኔ ኪስ ነበር።»

ይሄን ለጓደኞቼ ስተረጉምላቸው አፌ ደረቀ። እኔ አፌ አይደርቅም።

ከኛ ውስጥ አንድ የዩኒቨርስቲ ሌክቸረር ነበር፣ ሰልፉን ያዘጋጀው። «የሱ ሌላ፣ የኛ ሌላ» አለ። «እሱን ማንም ለኤምባሲ አይሰጠውም። ሐጂን ብቻቸውን አውጥተን ብንሰጥና ቢወስዷቸው ልጆቻቸውን ምን እንላለን?» እውነቱን ነው። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው።

ካፒቴኑ ስተረጉምለት ግራ ገባው። «ብቻውን ይውጣ ማን አለ? እኛ ጋ ብቻውን የሚወርድ የለም። ብቻውን የሚወጣም የለም። አንድ ሰው አብሮት ይሂድ።»

ሐጂን ጠየቅናቸው። ጆሯቸው ስር ተንበርክኬ «ሐጂ፣ እኔ አብሬዎት ከሄድኩ ይወጣሉ?» አልኳቸው። ዓይናቸውን በግድ ገለጡት።

«አንተ ታወራለህ» አሉኝ።

«አላወራም።»

«አውራ። እንዳልተኛ።»

አመሻሽ ላይ ሳጅኑ መጣ። የሐጂን ስም ጠራ። ዝም። ደገመው። ዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን። ሌክቸረሩ ተነስቶ «እዚህ አለ። መመለስ አይችልም። ሐኪም ያስፈልገዋል፣ ከኛም አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል» አለው።

«ነገ ነርስ ትመጣለች፣ ማይ ፍሬንድ» አለና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

የሚቀጥለው ሰው አልመለሰም። ከሱ የሚቀጥለውም። የኔ ስም ደረሰ፤ ዕድሜ ልኬን ዝም ማለት የከበደኝን ያህል ከበደኝ፣ ግን ዝም አልኩ። ቆጠራው ካልሞላ ፈረቃው አይቀየርም፣ የሚተካው ፖሊስ አይረከበውም። ሳጅኑ ላቡን ጠረገ። መጨረሻ ላይ ካፒቴኑን ጠራው።

«አንተ ነገ ዳኛ ፊት ቀርበህ በዋስ ትወጣለህ። አስቸገረ ብዬ ብጽፍብህ ትቀራለህ። አለህ?»

ካፒቴኑ ካልሲ የሌለው እግሩን አየ። «ሰው ሳይሟላ ሞተር አላስነሳም» አለ።

ሳጅኑ ምኑም አልገባውም። ፍርግርጉን ከፍቶ ገባና ብርድ ልብሱን ገለጠ። ትንፋሻቸውን ሲያሸት ፊቱ ተለወጠ።

«ስኳር ነው?»

«ስኳር ነው፣ ባባ።»

«እናቴም አለባት» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ዞሮ በዙሉ ጮኸ፤ ቫን መጣ። እጄን ከሐጂ እጅ ጋር በአንድ ካቴና አሰሩት። ስንወጣ ከኋላችን ሳጅኑ ቆጠራውን እንደገና ከመጀመሪያው ስም ጀመረ፣ እያንዳንዱም እየተነሳ፣ ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አድርጎ ይመልስ ጀመር። ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ አወራሁ። ሆስፒታልም አወራሁ። መርፌውና ፈሳሹ ገብቶላቸው ሲነቁ ያሉት «በቃህ፣ ነቅቻለሁ» ነው። የኤምባሲ ሰው አልመጣም። ይመጣ ይሆን ነበር ወይ? እስከዛሬ አላውቅም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሁላችንንም በማስጠንቀቂያ ለቀቁን።

ካፒቴኑ ዋስትናው ሳይዘገይበት አልቀረም። በኋላ አንድ ጊዜ ደወለልኝ። የፈረሙትን ወረቀት ጠበቃው እንዳያነሳው ከልክሎ፣ ድምፅ ሰምቼ ፊት ሳላይ ሄድኩ ብሎ ለዳኛው ተናግሯል። ፈቃዱን ወስደውበት አሁን የሌላ ሰው ጀልባ ይቀባል። የሟቹ እናት ጋ ግን ሻይ ጠጥቷል። ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ቀለል ያለ ነበር።

እኔ አሁን ለለቅሶ በአውቶብስ ራቅ ወዳለ ከተማ ስንሄድ፣ ነዳጅ ማደያ ቆመን ስንሳፈር ሾፌሩን አስቆመዋለሁ። በየስማቸው እጠራለሁ። «እሱ አለ፣ ኋላ ተኝቷል» ሲሉኝ «ቀስቅሱት» እላለሁ። ይሰድቡኛል፣ ሽማግሌ ሆነ ይሉኛል። የተቀሰቀሰው ሰው እየተነጫነጨ አለሁ ሲል፣ በዚህች ሀገር ደስ የሚለኝ ነገር ብዙ አይደለም፣ እሱ ግን ደስ ይለኛል።

አላምንም ያለ ቮስሎሩስ ይሂድ። ሐጂ ከጠዋት እስከ ማታ ከስፓዛቸው ንቅንቅ አይሉም፣ ለሐበሻ ለስላሳ በነፃ ነው። ሌክቸረሩ ቤሪያ ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ቀልድ አይወድም፣ እሱን ጠይቁ። ሳጅኑም ጡረታ ወጥቶ ሂልብሮው ታክሲ ተራ ያስተናብራል፣ ከሩቅ ሲያየኝ ስሜን ይጠራና እስክመልስለት ይጠብቃል። ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቋቸው። የጨመርኩት ነገር ካለ እነሱ ይቀንሱላችኋል።