ለዙፋን የመጡት ሽማግሌዎች

አሰጋሽ ልጇን ዙፋንን ይዛ ቤቴ የገባችው ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ነው። ነጠላዬን እንኳ ገና አላጠፍኩም ነበር።

«እትዬ ፍቅርተ፣ ይቺን ልጅ እስከ ምሳ ድረስ እርስዎ ጋ ላቆያት» አለችኝ።

ልጅ የምትላት ዙፋን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው።

«በደስታ! ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ለሩት ሽማግሌ ሊመጣ ነው!» ፊቷ በርቷል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ዙፋን ብብት ሥር ያለውን ክራንች በዓይኗ አሳየችኝ። «ያው ሰው ክፉ ነው። ገና ከበር ሲያዩት ‹በዘራቸው አለ› ብለው እንዳይመለሱ ብዬ ነው። እሷም ይገባታል። አይደል ዙፋኔ?»

መልሷንም ሳትጠብቅ እናቷ ግንባሯን ስማት እየተጣደፈች ወጣች።

እኔ ልጅቷን አየኋት። ፀጉሯን ትናንት ተሠርታለች። ለጥምቀት እንኳ የማታደርገውን ጉትቻ አድርጋለች። ለእህቷ ደስ ብሏት ነው ብዬ አለፍኩት።

አቃቂ ያለው የእኛ ሰፈር ድሮ ለፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ። የኔንና የእነ አሰጋሽን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ዙፋንን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። በሁለት ዓመቷ ብርቱ ትኩሳት ያዛት፤ ትኩሳቱ ሲለቃት የግራ እግሯን ይዞ ሄደ። አሰጋሽ አዝላት ያልሄደችበት ጸበል፣ ያላንኳኳችው ሐኪም ቤት የለም። አባቷ በዛብህ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ክራንች ራሱ ከቧንቧ በይዶ ሠራላት። አልወደዷትም የሚል ሰው ቢኖር ውሸቱን ነው። ግን ፍቅራቸው እንቁላል እንደያዘ ሰው ፍቅር ነበር። ውኃ አትቅጂ፣ ለቅሶ ቤት አትሂጂ፣ ሠርግ ይደክምሻል፣ አንቺ አትነሺ። እንግዳ ሲመጣ ሻዩን የምታቀርበው ታናሿ ሩት ናት፤ ዙፋን ጓዳ ትሆናለች። እንዲህ ሲሆን ሲሆን፣ ቤቱ ውስጥ አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ብቻ ያለች መሰለ። እናትና አባቷ ይህን ተነጋግረው የወሰኑት አይመስለኝም። ዝም ብሎ እንደ ልማድ የገባ ነው።

ዙፋን ግን ጓዳ አልቀረችም። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ተከራይታ የጠያቂ ዕቃ ታስቀምጣለች። እስረኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ስልክ ይዞ መግባት ስለማይችል ስልኩን ለእሷ ይሰጣል፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይቀበላል፣ ሲወጣ ካርቶኑን መልሶ ስልኩን ይወስዳል። አንዳንዱ ከውስጥ የሚወጣው እያለቀሰ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ዱካ አላት። እኔም በስተርጅናዬ ከእሷ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ስታስተምር አትቆጣም፤ ስሳሳት ግን ሳቋን መያዝ አትችልም።

የማያውቃት ሰው ለገዛ ወንድሙ የማይሰጠውን ስልክ እሷ እጅ ላይ ጥሎ ይገባል። ማታ ክራንቿን ይዛ ታክሲ ልትጠብቅ ስትቆም ግን ሌላ ሰው አድርገው ያዩዋታል። ለመሳፈር ትንሽ ጊዜ ስለምትወስድ ሚኒባሱ አይቆምላትም፤ ረዳቱ ባዶ ወንበር እያለ «ሞልቷል!» ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንዲት ደግ ሴት መዳፏ ላይ ሳንቲም አስቀምጣ «አይዞሽ፣ እሱ ያውቅልሻል» ብላት ሄደች።

«ምን አልሻት?» አልኳት ስትነግረኝ።

«ምን እላታለሁ እማማ? ‹ለረዳቱ ስጪልኝ፣ እንዲያቆምልኝ› ልላት ስል ሄዳለች።»

ከሂርጳ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ በታክሲ ጣጣ ነው። ሂርጳ ቂሊንጦ ላለ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ የሰርቪስ ሾፌር ነው። የታሰረ የአጎቱን ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ስልኩን እሷ ጋ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ማታ ሚኒባሶቹ እየጣሏት ሲያልፉ አየና ሠራተኞቹን አድርሶ የሚመለስበትን ባዶ አውቶቡስ አጠገቧ አቆመ።

«የሠራተኛ መታወቂያ አለሽ?» አላት።

«የለኝም።»

«እንግዲያው አለቃ ነሽ ማለት ነው። ግቢ።»

ይህን ሁሉ ግን እኔም የሰማሁት ያን እሑድ ነው። እናቷ እንደወጣች ሻይ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም።

«እማማ፣ ሽማግሌዎቹ የሩት አይደሉም።»

«የማን ናቸው ታዲያ?»

«የኔ።»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ለካ ሐሙስ ዕለት ለእናቷ «እሑድ ሰው ስለሚመጣ አባዬ ከቤት እንዳይወጣ» ብላት ኖሯል። በእኛ ዘንድ ይህ በቂ ነው፤ ሴት ልጅ «ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው» ብላ አፏን ሞልታ አትናገርም። እንዲያውም የሚያፍሩት በእህት ያስነግራሉ። አሰጋሽ ወዲያው ገባት። «ሩትዬ አፍራ በአንቺ ላከች አይደል?» አለችና ወደ ባሏ ሮጠች። ሩት ያን ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ስለነበረች ቀን ቀን ተኝታ ነው የምትውለው፤ እናትየውም ልጄን አላሳፍራትም ብላ ምንም ሳትጠይቃት ሰነበተች።

«አንቺስ ‹የኔ ናቸው› ለምን አላልሻትም?»

«እስክትጠይቀኝ ጠበቅኳት። ከሐሙስ ጀምሮ ‹ላንቺ ይሆን እንዴ?› የሚለኝ ሰው አልተገኘም።»

ልነግራቸው ልነሳ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ። «ይተዉት። አባዬ ስሜን ሲሰማ ምን እንደሚል ልስማ።»

ወዲያው ጎረቤት በር ተንኳኳ። የሚሰማው ግድግዳው ሳስቶ ነው እንጂ ጆሮዬ ረዝሞ አይደለም። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። የሚናገሩት የሂርጳ አጎት አቶ ኦላና ነበሩ፤ ፋብሪካው ሳይተከል በፊት አባቶቻቸው እዚሁ ጤፍ ያርሱ የነበሩ፣ ቃል መርጠው የሚናገሩ ሽማግሌ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!» አለ በዛብህ።

«ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም። የመጣነው ለደግ ነው።»

«ደግ ያሰማን።»

«ሂርጳ የሚባል ልጅ አለን። ሾፌር ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን መጥተናል።»

አሰጋሽ ጓዳ ገብታ ስትንሾካሾክ ሰማናት። «ሩት! ተነሺ፣ ነጩን ቀሚስ ልበሺ፣ ሽማግሌዎችሽ መጡ!»

«የምን ሽማግሌ? ኧረ እማዬ በማርያም፣ ገና አሁን መተኛቴ ነው!»

«ልጅቷን አታስነሷት» አሉ አቶ ኦላና ከሳሎን። «እኛ የመጣነው ለትልቋ ነው። ለዙፋን።»

ዙፋን እጄን ያዘች።

በዛብህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተሳስታችሁ እንዳይሆን፣ አባቶቼ። ዙፋን እኮ...»

«እኮ ምን?»

«እ... ልጁ አይቷታል?»

«ዓይኑ ደህና ነው። ሾፌር ነው አልኩዎት እኮ።»

ሩት ጓዳ ሆና ስትስቅ ተሰማ። በዛብህ ግን አልሳቀም። «እግዜር ያክብራችሁ። እኛ ምን እንላለን? እሺ ነው። ውሰዷት። ሠርግ አንልም፣ ሌላም አንጠይቅም፤ ልጁን አናስቸግረውም። በሚመቸው ቀን ይውሰዳት።»

አሰጋሽ እያለቀሰች እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶ ዙፋንን ልስማት ዞርኩ። ፊቷ ጠቁሯል።

«ሰሙት?»

«ሰማሁ እንጂ! እሺ አለ እኮ ልጄ!»

«እሺ ማለቱ አይደል እንዲህ ያደረገኝ» አለችና ክራንቿን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት።

በእኛ ልማድ ሽማግሌ በመጣበት ቀን እሺ አይባልም። «ከዘመድ እንምከር» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በዚያ መሃል የልጁ ዘር፣ ጠባዩ፣ ሥራው፣ መጠጡ ይጣራል። ሁለቴም ሦስቴም ይመለሳሉ። ለልጃቸው የማይሳሱ ወላጆች ካልሆኑ በቀር በዚያው ቀን እሺ የሚል የለም። እኔ በደስታ ብዛት ይህን ረስቼው ነበር፤ ዙፋን አልረሳችም።

ስትገባ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ነበሩ። አሰጋሽ ወንበር ልትስብላት ተንደረደረች፤ ዙፋን በእጇ ከለከለቻትና ለሽማግሌዎቹ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ለሩት ቢሆን ዛሬውኑ እሺ ትል ነበር?»

በዛብህ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። «ሄደው እንዳይቀሩ ፈራሁ ልጄ። ልጁ ሐሳቡን እንዳይለውጥ።»

«ከለወጠ ይለውጥ። ማን እንደሆነ ጠይቅ፣ ይጠጣ እንደሆነ አጣራ። መልሳቸው።»

«ኧረ ዙፋን! በሽማግሌ ፊት!» አለች እናቷ።

አቶ ኦላና ዱላቸው ላይ ደገፍ አሉ። «ልጅቷ እውነቷን ነው። እኛም ስንመለስ ‹ምን አግኝተውበት ነው እንዲህ የተቻኮሉት?› መባላችን አይቀርም። ይመልሱን አቶ በዛብህ። ለጉልበቴ ሲሉ ግን ቀጠሮውን አያብዙት።»

በዛብህ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኔ እያየ ሰውየው ተለወጠ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ማንኛውም ሴት ልጅ ያለችው አባት ኮስተር ብሎ «እናጣራለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ዙፋን ሰላም አጣች። ክብሯን አግኝታለች፤ ግን የሚጣራ ጥያቄ እምቢም ሊባል ይችላል። ማታ ማታ እየመጣች «ጠየቀ ይሆን? ምን አሉት ይሆን?» ትለኛለች። በዛብህ እንደሆነ ቂሊንጦ ድረስ ሄዶ ሾፌሮቹ ሻይ በሚጠጡበት ቦታ ሲውል ሰነበተ። ልጁ አይጠጣም፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ቱግ ይላል እንጂ ነገረኛ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሰምቶ መጣ፤ ለእኛ አልነገረንም።

በቀጠሮው ቀን ዙፋን እኔ ቤት የመጣችው ማንም ሳይልካት፣ ከጭንቀቷ ብዛት ነው። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ በዛብህም እንዲህ ሲል ሰማነው፦

«ልጁን አልጠላነውም። ቤቱን ነው የጠላነው። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው አሉኝ፤ ሊፍት የለውም። ልጄን እዚያ አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ እንደተሸኙ ዙፋን እሳት ሆና ገባች። ግድግዳው ወፍራም ቢሆን እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማት ነበር።

«ምን አገባህ አባዬ! እኔና እሱ ተነጋግረን የጨረስነውን! እወጣዋለሁ እኮ!»

«መውጣቱንስ ትወጪዋለሽ። ዝናብ ጥሎ ደረጃው የሚያንሸራትት ቀን ትቀሪያለሽ። ከዚያ ሲያምሽ ትቀሪያለሽ። ከዚያ እሱ ‹አንቺ እረፊ፣ እኔ እሠራለሁ› ይልሻል፤ ለደግ ብሎ ነው የሚልሽ። ያን ጊዜ ሥራሽን ማን ሊሠራልሽ ነው? እኔ እንደሆንኩ ደግ ነገር አስቤ ሰው እንዴት እንደሚዘጋበት አውቃለሁ።»

በዛብህ ስለ ሥራዋ ሲናገር ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ከሂርጳ ወገን ወሬ ጠፋ። ሂርጳ ራሱ ሱቋ ብቅ አላለም፤ ሲደውል «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብቻ ይላታል። አሰጋሽ «አባትሽ አበላሸው» እያለች ታለቅሳለች። ዙፋን አላለቀሰችም፤ ከሳች። እኔም በልቤ በዛብህን መውቀስ ጀምሬ ነበር። ክብር ባገኘችበት ሰዓት ልጁን ለምን ታጣለች እያልኩ አዘንኩ።

ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ እሑድ አቶ ኦላና ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትለው ድንገት ደረሱ። ዙፋን እኔው ጋ ነበረች።

«አቶ በዛብህ፣ ልጁ የራሱን ቤት አከራይቶ እዚያው ብሎክ ግራውንድ ላይ ሌላ ተከራየ። ሲፈልግ ነው የከረመው። ‹ሚስት ሳይሰጡኝ ከቤቴ አስወጡኝ› እያለ ያማርራል፤ ግን ዕቃውን አውርዷል።»

«በሩ ላይ ደረጃ አለው?»

«አንድ እርከን ነበረው። በሲሚንቶ አስተካክሎታል። እኔ ራሴ ሄጄ አየሁት።»

በዛብህ ወዲያው አልመለሰላቸውም። «አንድ ጊዜ» አለና ወጣ። የእኔ በር ተንኳኳ። ገብቶ ከዙፋን ፊት ቆመ፤ ምን እንደሚል የጠፋው ሰው ይመስላል።

«እነሱን እኔ ጨርሻለሁ። አንቺን ግን አልጠየቅኩሽም። ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

ዙፋን እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ሳቀች።

«እፈልገዋለሁ፤ እሺ በላቸው። ሠርጉ ግን እሑድ ይሁን አባዬ፤ ቅዳሜ ጠያቂ ይበዛብኛል።»