የቡሬ ሬዲዮ

የልጅ ልጄ ባለፈው ለአሮጌ ፒካፕ ኤፍ ኤም አስገጠምኩ ብሎ ሲፎክርብኝ ሳቅሁበት። አያቱ ጉቱ በንጉሡ ዘመን፣ ኤፍ ኤም የሚባል ነገር ጎባ ላይ ማንም ሰምቶ ሳያውቅ፣ ከዚያ የማያንስ ሥራ ሠርቷል። ያውም ለዘፈን ብሎ አይደለም፤ ለአባቱ ብሎ ነው።

ባለቤቴ ጉቱ ጉሉማ የሲናና ገበሬ ልጅ ነው። ሞፈርና ቀንበሩን ትቶ መሪ ጨበጠና የአንድ ጎባ ነጋዴ ካሚዮን ይነዳ ጀመር። ካሚዮኗ ከጣሊያን የተረፈች አሮጊት ናት። ከኋላዋ አግዳሚ ተቸንክሮባት፣ ሸራ ለብሳ፣ ከጎባ በሮቤ አድርጋ ወደ ጊኒር መንገደኛ ታመላልሳለች። ጉቱ ቡሬ ብሎ ሰየማት፤ ሲያርስበት በነበረው በሬ ስም። እኔ የጎባ ጸሐፊ ልጅ፣ ባሌ መኪናውን በበሬ ስም ሲጠራ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ! ኋላ ግን ለመድኩት።

አማቼ አባባ ጉሉማ ልጃቸው ማረሻ በመተዉ ብዙም አልተቀየሙም። ጠቡን ያመጣው መንገዱ ነው። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ መንገደኛ የሰው ደጅ ሲደርስ ቆም ይላል። ሰው ደኅና፣ ከብት ደኅና፣ ቀዬው ደኅና ይባባላሉ፤ ከዚያ ወሬ ይጠየቃል፣ ወሬ ይነገራል። ወሬውን ይዞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ይታማል። ጉቱ ግን ተሳፋሪው ስለሚያጣድፈው ክላክሱን ነፋ አድርጎ ያልፋል። ሰላምታ መስጠቱ ነው እኮ! ሽማግሌው አንድ ቀን ለጎረቤታቸው፣ "ላም እንኳ ደጄን ስታልፍ ዞር ብላ ታየኛለች። የእኔ ልጅ አቧራ ሰጥቶኝ ይሄዳል" አሉ። ይህ ጉቱ ጆሮ ደረሰ። አፈረ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጭራሽ ፈጥኖ ማለፍ ጀመረ። አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

እንዲህ እንዳሉ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለድኩ። ክርስትናው እየቀረበ ሲመጣ ጉቱ እንቅልፍ አጣ። አባቱ መጥተው ሳይመርቁት ልጁ እንዲነሳ አልፈለገም። ሽማግሌ ላከባቸው። የመጣው መልስ፣ "በዚያች መኪና አልሄድም። ስትመጣ ትጮሃለች፣ ስትሄድ ትጮሃለች፤ የምትነግረኝ ነገር የላትም" የሚል ነው።

እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ቆም ብለህ አነጋግረኝ ማለታቸው ነው። ለጉቱ የገባው ግን፣ አባቱ ወሬ የምታወራ መኪና እንደሚፈልጉ ነው። ወንድ ልጅ ይቅርታ ከሚጠይቅ መኪና ቢፈታ ይቀለዋል።

ቡሬ ሬዲዮ ነበራት፤ ግን የሚይዘው መካከለኛ ሞገድ ብቻ ስለሆነ ቀን ቀን በእኛ ደጋ አገር ከሹሹታ በቀር አይሰማባትም። የአዲስ አበባ ወሬ በቀን የሚገኘው በአጭር ሞገድ ነው። ጎባ ውስጥ ኃይለመስቀል የሚባል፣ ከጦር ሠራዊት መገናኛ ክፍል የተሰናበተ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከተጣለ ሬዲዮ አምፖልና ጥቅል ሽቦ ነቀለ፤ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ገጣጠመው፤ ጣሳውንም በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል አገባው። ጣሳው አጭሩን ሞገድ ተቀብሎ ሬዲዮው በሚችለው ሞገድ ያቀብለዋል።

"አስተርጓሚ በለው" አለ ኃይለመስቀል።

ሠራ! ጉቱ ሲጨፍር ጎረቤት ወጣ። ችግሩ፣ ሞተሩ ሲነሳ ከካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚመጣው ጫጫታ ወሬውን ይውጠዋል። ኃይለመስቀል ሊያጠፋው ታግሎ አቃተውና፣ "በቃ፣ ሞተርህን አጥፍተህ፣ ቆመህ ስማ" አለው። አባቱ ይህንኑ ሲሉት የከረሙትን ሰው!

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ ያን ቀን ተሳፍራ የነበረችው ቅቤ ነጋዴ ጁሀራ ናት፤ እኔ አራስ ነበርኩ፣ ጉቱ ደግሞ ሲተርክ ራሱን ያሳምራል። ከጊኒር ሲመለሱ፣ ልክ የቀን ዜና ሰዓት ላይ፣ ጉቱ አባቱ ደጅ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ፣ የጋቢናውን በር ከፈተ፣ ሬዲዮውን እስከ ጥጉ ለቀቀው። አባባ ጉሉማ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ከሬዲዮው ፊት ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አካም ጂርታ? ነጋዳ?" አሉት፤ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ማለታቸው ነው።

ሬዲዮው ስለ አንድ ድልድይ ምረቃ ያወራል። ሰላምታ ሳያደርሱ ወሬ መቀበል ነውር ስለሆነ ሽማግሌው ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እያከታተሉ ጠየቁት፤ ለእያንዳንዱ መልስ እየጠበቁ። እሳቸው ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ዜናው አለቀ።

"ይሄ ሰውዬ እንደ አንተው ነው" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "ጮሆ ያልፋል።"

"ወላሂ ያን ለት ባልሽን አየሁት" አለችኝ ጁሀራ፣ "እንደ ቅቤ ቀለጠ።"

ጉቱ ሬዲዮውን ዘግቶ ሊሮጥ አሰበ። ሊያስነሳት ቢል ቡሬ ጭጭ! ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮና ጣሳ ተጋግዘው ባትሪውን ጠጥተውታል። በእጅ የሚያስነሱበት ማዞሪያ ብረትም ከጠፋ ቆይቷል። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ።

ደጃቸው ላይ እንግዳ ቆሞ መቼም ዝም አይሉም። አባባ ጉሉማ በቅቤ የታሸ ጩኮና እርጎ አስወጡ፤ ሁሉንም ሣር ላይ አስቀምጠው ከጁሀራ ጀምሮ የእያንዳንዱን አገርና ወሬ ጠየቁ። በመጨረሻ ተራው ጉቱ ዘንድ ደረሰ።

"አንተስ? ኦዱ ማል ቀብዳ? ምን ወሬ ይዘሃል?"

ጉቱ አንገቱን ደፋ። "አባ፣ ሚስቴ ወንድ ልጅ ወልዳለች።"

"ሰምቻለሁ" አሉ። "ከሌላ ሰው አፍ።"

ጉቱ ያኔ ከአባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። ሽማግሌው አነሱትና በሬዎቻቸውን ሊያወጡ ሄዱ። ቡሬ በሬው ከጓደኛው ጋር ተጠመደ፤ ቡሬ መኪናዋን እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ጎተታት። ከዚያ ተለቃ ተንደርድራ፣ ጉቱ ማርሽ ሲያስገባ ሳል ሳል አድርጓት ተነሳች። "አባ! ብትጠፋ አትነሳም፣ ቶሎ ይግቡ!" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሮጦ ከኋላ ሲንጠላጠል አባባ ጉሉማ በሬዎቹን ለጎረቤት ጥለው፣ ዱላቸውን አስቀድመው ጋቢና ገቡ።

እኔ ጎባ ቤታችን ማጀት ሆኜ የቡሬን ድምፅ ሰማሁ፤ ደጃችን ቆማ ትንተፋተፋለች። ጉቱ እንዳትጠፋበት ፈርቶ አንድ እግሩን ውጭ፣ አንድ እግሩን ውስጥ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው ሕፃኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ ሰላምታውን አንድ ሳያስቀሩ አደረሱለት፤ ለእያንዳንዱም መልሱን ጠበቁት። ቀጥለው ወሬ ነገሩት፤ ገብሱ አሽቷል፣ ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ቡሬ ዛሬ አባትህን ጎትቶልሃል አሉት። ሕፃኑ ዓይኑን ተክሎባቸው "እህህ" አለ።

"ሀዬ! ይሄስ መልስ አለው" አሉ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። "አባትህንም አስተምርልኝ።"

ጉቱ ወጣና ሞተሩን አጠፋ። ተመልሶም ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ።