የእታለም የቁልፍ ጣሳ

ሐኪሟ የምትሠራው ከመነጽር ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ የሶፍት ሣጥንና አንድ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ በቃ። ሰዓቱ የተሰቀለው ከታካሚው ጀርባ ነው፣ እሷ ሰውየውን ሳታስቀይም ሰዓቱን እንድታይ። መርፌ አትወጋ፣ ክኒን አትሰጥ፣ ደረት አትመረምር። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሆዱ ውስጥ የከረመውን ሃምሳ ደቂቃ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። የሥነ ልቦና ሕክምና የሚባለው ይኸው ነው። የመነጽር ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝቷት፣ «እኔ ዓይን እሸጣለሁ፣ አንቺ ጆሮ ታከራያለሽ፤ ያው አንድ ሰፈር ነን» አላት። ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት ስትማር ሥራዋን እንዲህ አሳጥሮ የነገራት መምህር አልነበረም።

ይህ የሚከራይ ጆሮ ታዲያ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ለማሳደስ የሙያ ማጎልበቻ ዎርክሾፕ መካፈል ግድ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ፣ መጋረጃው በማይዘጋ አዳራሽ፣ ክብ ሠርተው በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ። ሠላሳ አድማጭ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበሰብ ማየት ነው። ሁሉም ራሱን ዘንበል፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል። «እንደምን አደራችሁ» ብትሏቸው እንኳ፣ «እንደምን አደራችሁ ስትሉ ምን እየተሰማችሁ ነው» የሚሉ ይመስላሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሰልጣኟ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ግን እንደ ትምህርት ቤት ደወል የምትከበር ሴት፣ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት የሸሚዝ ቁልፍ አደለች።

«በዚህ ክፍል አንዲት ቃል ክልክል ናት» አለች። «አይዞሽ። አይዞህም፣ አይዟችሁም ያው እሷው ናቸው፤ እንዳታታልሉኝ። ያመለጠው አንድ ቁልፍ ያስረክባል።»

«ምን በደለችሽ ቃሊቱ?» የሚል ወፍራም ድምፅ ከኋላ መጣ።

«ክዳን ናት፣ ጋሼ። ሰው ብሶቱን ገና ሊከፍት ሲል እርስዎ ይከድኑበታል። ደግ ክዳን ናት፤ ግን ክዳን ናት።»

ጠያቂው ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል ነርስነት ሠርተው በስተርጅና ወደ ሥነ ልቦና የገቡ ሽማግሌ ነበሩ። የጠዋቱ ሻይ ሳይደርስ አምስቱንም ቁልፍ ጨረሱ። «ሠላሳ ዓመት በሰው ራስጌ ቆሜ ስላት ኖሬ፣ ምላሴ ላይ ተሰፍታለች» እያሉ ከጎረቤት ይበደራሉ። ከሰዓት በኋላ የሚያበድር ሲጠፋ የገዛ ኮታቸውን የእጅጌ ቁልፍ በጥርሳቸው በጥሰው አስረከቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው አባ አይዞህ ሆነ።

ሐኪሟ ግን አንድም አልጎደለባት። በዚያ ዓመትም፣ በተከተለውም፣ በሦስተኛውም አምስቱን ቁልፍ እንደተቀበለች መለሰች። ስለዚህ እሷም ቅጽል ወጣላት፤ ቁልፍ አሏት።

«በር የሚከፍተው ነው ወይስ ሸሚዝ የሚዘጋው?» ብሎ አንዱ ቀልደኛ ጠየቀ።

«እሱን እሷ ታውቃለች» አሉ አባ አይዞህ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ አልቆየም፤ ምክንያቱም ያቺ ቃል ከእሷ ቤት የወጣችው በራሷ እጅ ነው።

እናቷ ስትሞት ሐኪሟ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታላቅ እህቷ አሥራ ሰባት። እህትየዋን እታለም ነው የምትላት። እታለም የእናታቸውን የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር አቁማ፣ የሰው ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ታናሿን አስተማረቻት። ልጅቷ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ፣ በሒሳብ ፈተና ዜሮ ይዛ ስትመጣ፣ እናቷ ናፍቃት መኪናው ሥር ገብታ ስታለቅስ፣ እታለም እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ አንዲት ቃል ትላታለች። አፏ ሁልጊዜ በስፒል የተሞላ ስለሆነ ቃሏ ሙሉ አትወጣም፤ ግማሿ ብቻ በስፒሎቹ መሃል ሾልካ ትመጣለች።

«ዞሽ።»

በቃ። መኪናው ይቀጥላል። ልጅቷም እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፤ ዓለም ቦታዋ ትመለሳለች።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ዎርክሾፕ ሻይ ሰዓት ላይ፣ ሐኪሟ ኮሪደር ወጥታ ለእታለም ደወለች። አንዲት ታካሚዋ «አንቺ አትረጂኝም» ብላት ጥላ ሄዳለች፤ ልቧ ተሰብሯል። ነገሩን ገና ስትጀምር እታለም ያቺን ቃል አለቻት፤ ሙሉዋን አለቻት። የዚያን ዕለቱ ትምህርት ገና በሐኪሟ አፍ ላይ ትኩስ ነበር።

«እታለም፣ አይዞሽ አትበዪኝ። አይዞሽ ማለት እኮ ዝም በይ ማለት ነው። ዝም ብለሽ ስሚኝ። ከፈለግሽ ምን ተሰማሽ ብለሽ ጠይቂኝ።»

ከወዲያኛው ጫፍ የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«እሺ» አለች እታለም።

እታለም ደግሞ እሺ ካለች እሺ ናት። የደንበኛን ልብስ ለሐሙስ ብላ ለዓርብ አሳድራ የማታውቅ ሴት ቃሏን እንዴት ትበላለች? ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስልክ ላይ የምታወራው ሐኪሟ ብቻ ሆነች፤ እታለም ትሰማለች። «እህ።» «ከዚያስ?» «እየሰማሁሽ ነው።» ዎርክሾፕ ሳትገባ፣ ቁልፍ ሳይታደላት፣ ከሠላሳው ባለሙያ የበለጠች አድማጭ ሆና ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ሐኪሟ ደስ አላት። ሁለተኛው ወር ላይ የሆነ ነገር ጎደለባት፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሦስተኛው ወር ላይ አወቀችው። ከዚያማ ማጥመድ ጀመረች። ጉንፋን ያዘኝ አለች፤ «እሺ» ተባለች። ጥርሴን ተነቀልኩ አለች፤ «ከዚያስ?» ተባለች። አንድ እሑድ ጭራሽ ያልወደቀችውን ውድቀት ወድቃ፣ «ከደረጃ ተንከባለልኩልሽ» አለች። እታለም በጥንቃቄ፣ እንደተማረችው፣ ጠየቀች፦

«ምን ተሰማሽ?»

ሐኪሟ ስልኩን ከዘጋች በኋላ በሳቅና በለቅሶ መሃል ሶፋው ላይ ተዘረጋች። በዪኝ ብላ እንዳትለምን፣ የለመኑት አይዞሽ ምን አይዞሽ ነው? ራሷ ከልክላ ራሷ እንዴት ትፍቀድ? ደግሞስ ምናልባት እታለም ጨርሳ ረስታት ቢሆንስ? ይህን ማወቅ ስለፈራች ሦስት ዓመት አለፈ። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል፤ ሰው የሚያማክራት ሐኪም ናት። ግን አንዳንድ ቀን የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ በታካሚው ወንበር ላይ ትቀመጥና ባዶውን የራሷን ወንበር ታያለች፤ አንድ ሰው ስፒል ነክሶ ግማሽ ቃል ቢላት ብላ።

ዘንድሮ ዎርክሾፑ ሲቃረብ አሰልጣኟ ደወለች። «ቁልፍ፣ የዘንድሮውን ማሳያ አንቺ ነሽ የምትሠሪው። ተናጋሪ ሆነሽ መሃል ትቀመጫለሽ። ትንሽ፣ ግን እውነተኛ ችግር ይዘሽ ነይ። ደግሞ ቁልፎቹ ከነቦርሳዬ ጠፍተውብኛል፣ ከየትም ፈልጊልኝ።»

ከየት እንደምትፈልግ ማሰብ አላስፈለጋትም። ረቡዕ ቀን ደወለች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እታለም ቀኑ እሑድ ባለመሆኑ ደንግጣ። ሐኪሟ አሁን ልትለኝ ነው ብላ ጠበቀች።

«ምንም አልሆንኩም። ቁልፍ ፈልጌ ነው፤ የሸሚዝ፣ ብዙ። ለሥልጠና።»

«እሺ» አለች እታለም። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ጣሳው በማግስቱ በአውቶቡስ መጣ፤ ድሮ የዱቄት ወተት የነበረበት ጣሳ፣ አፉ በጨርቅ ቅዳጅ ታስሮ። ስትከፍተው የስፌት መኪና ዘይት ሸተታት። ልጅ ሆና ሲዘንብ የምትጫወተው በዚህ ጣሳ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፈውና ነጩን ከነጭ፣ ባለሁለት ቀዳዳውን ከባለአራት ትለያለች። እጇን አስገብታ ስታገላብጥ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ ወጣች፤ ጠርዟ የተሸረፈ። የራሷ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም ቁልፍ ናት። ነክሳ የሸረፈቻትም እሷው ናት። እታለም ለካ አልጣለቻትም።

በዎርክሾፑ ቀን ቁልፎቹ ታደሉ፤ ሰማያዊዋም ሳታስበው አብራ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መሃል ተቀመጠች። አድማጭ ሆኖ ፊቷ የሚቀመጠውን አሰልጣኟ መረጠች፤ ተንኮል አላጣችም፣ አባ አይዞህን ጠራቻቸው። ሽማግሌው እያዘገሙ መጡ። አራቱን ቁልፍ ጠዋቱን ጨርሰዋል። አምስተኛዋን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ሲዘረጉ ሐኪሟ አየቻት፤ ሰማያዊዋ ናት።

ያዘጋጀችው የጎረቤቷን ውሻ ጩኸት ነበር። አፏን ስትከፍት ውሻው ጠፋ።

«ያሳደገችኝ እህት አለችኝ» አለች። «አንዲት ቃል ነበረቻት። እኔ ከለከልኳት። አሁን ስልክ ደውዬ ሰዓት ሙሉ አወራለሁ፤ በደንብ ትሰማኛለች። ማንም እንደ እሷ አይሰማኝም። እኔ ግን… ቃሏን ነው የምፈልገው። አርጅታለች። ቃሏን ሳትለኝ እንዳትሄድብኝ እፈራለሁ።»

የአባ አይዞህ ከንፈር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ። ሠላሳውም ሰው ቁልፏ እስክትወድቅ ይጠብቃል፤ ሐኪሟም ትጠብቃለች። በልቧ በሉ፣ በሉ እንጂ ትላለች። ሽማግሌው ጣታቸውን በቁልፏ ላይ ጨበጡ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቻሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሰልጣኟ ዓይኗን እየጠረገች፣ «አያችሁ? መስማት ይሄ ነው» አለች። ሐኪሟ ፈገግ ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን በደንብ ተሰምታ አታውቅም፣ እንደዚያም ባዶ እጇን ቀርታ አታውቅም።

አባ አይዞህ ተከትለዋት መጡ።

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩም፣ ጋሼ። ጎበዝ ነበሩ።»

«ጎበዝ አትበዪኝ፤ ምላሴን ነክሼ ልጨርሰው ነበር፣ ይኸው እዪው» ብለው ምላሳቸውን አወጡ። ሳቀች። «ልጄ፣ ለማንም የማልነፍጋትን ቃል ላንቺ የነፈግኩሽ ወድጄ መሰለሽ? የኔ ስላልሆነች ነው። የሰው ቃል ሰርቄ አልሰጥሽም። ሂጂና ከባለቤቷ ተቀበዪ።» ሰማያዊዋን ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

ቅዳሜ ጠዋት ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ የሦስት ሰዓት መንገድ። እታለም መስኮቱ ሥር ነበረች፤ አሁን ዩኒፎርም አትሰፋም፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሱሪ እግር ታሳጥራለች። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል። እህቷን ስታይ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ትንሿ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካች፤ ተቃቀፉ።

«ጣሳ ለመመለስ ይህን ሁሉ መንገድ?»

«እህ።»

እታለም መኪናውን አቆመች። ወንበሯን ወደ እህቷ አዞረች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች፣ ራሷን ዘንበል አደረገች። «በይ፣ እየሰማሁሽ ነው» አለች።

ሐኪሟ ይህን አቀማመጥ ከዎርክሾፑ ታውቀዋለች። ሰበብ ፍለጋ ጣሳውን ከፈተች። «ቁልፎቹ ለምን እንደሆኑ አልነገርኩሽም። ጨዋታ አለን። እዚያ አይዞሽ ያለ ሰው አንድ ቁልፍ ይሰጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም። ሰጥቶ ይቀጥላል።»

እታለም መነጽሯን አወለቀች። «በአንድ ቁልፍ ነው እንዴ?» አለች። «እኔ እኮ ጨርሶ የተከለከለ መስሎኝ ነው።»

«እታለም…»

«ሦስት ዓመት አፌን ይዤ። በአንድ ቁልፍ መሆኑን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ሚጣ?»

«የረሳሻት መስሎኝ» አለች ሐኪሟ፤ ድምጿ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ቀጠነ።

«የት እረሳታለሁ? እልሽ ነበር እኮ።» እታለም ወደ መኪናው ዞረች፤ እህቷ ዓይኗን እንዳታይባት። «በየእሑዱ እልሽ ነበር። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ። ከደረጃ የወደቅሽ ለታማ እስኪመሽ ስልሽ ዋልኩ።»

«አልወደቅኩም ነበር።»

«አውቃለሁ። አንቺ ስትዋሺ ትፈጥኛለሽ።»

ሐኪሟ ሰማያዊዋን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እታለም አነሳቻት፣ የተሸረፈውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጨርቅና መቀሱን እየገፋች፣ በጠረጴዛው ላይ እስከ እህቷ ደረት ድረስ አንሸራተተችው።

«በይ ተረከቢ፣ በሙሉ። እስክሞት ይበቃኛል።»

ሰማያዊዋን ግን አልመለሰችም፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻት። ስፒሎቿን አንድ በአንድ ነክሳ፣ መርፌና ክር ለእህቷ አቀበለች፤ ዓይኗ ቀዳዳውን ማየት ከተወ ቆይቷል። ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ሞከረች። ክሩ ቀዳዳውን ሳተ። አርጥባ ደገመች፤ ሳተ። የእሷም ዓይን ለካ የድሮው አይደለም። ሦስተኛውን ስትስት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ለመርፌው ብቻ አልነበረም።

«ዞሽ» አለች እታለም፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ።