አባዬ ያጥባቸው የነበሩ ሐውልቶች

የእርግብ ኩስ ሙቅ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ፣ ኖራ ከበሰበሰ እህል ጋር የተደባለቀ የሚመስለው፣ ዛሬም ቶሮንቶ መንገድ ላይ ድንገት ሲመጣብኝ፣ ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አፍንጫዬን በሹራቤ እጅጌ ሸፍኜ፣ በአባዬ የሥራ ቫን ውስጥ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

አባዬ ወሎ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ለአንድ የጽዳት ኮንትራክተር ተቀጥሮ ሐውልት ያጥብ ነበር። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ስለነበራት፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ካለው አፓርታማችን አባዬ ይዞኝ ይወጣ ነበር። ቱሪስቱ ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ወደ ከተማዋ ረጅሙ ማማ ሲሄድ፣ እኛ ማንም ዞር ብሎ ወደማያያቸው ትንንሽ መታሰቢያዎች እንሄድ ነበር።

በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ የጥንት ወታደሮች የተቀበሩበት አንድ ትንሽ አደባባይ ውስጥ የበረዶውን ወራት ሙሉ የተጠራቀመው የውሻ ዓይነ ምድር በአንዴ ይገለጥ ነበር። ሰዎች ቡናቸውን እየጠጡ ውሾቻቸውን ይለቃሉ፤ ውሾቹ ስም የጠፋባቸው የመቃብር ድንጋዮች ላይ እግራቸውን ያነሳሉ፤ አባዬ ደግሞ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ይፍቃል። በበጋ፣ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ለሞቱት ቻይናውያን በተሠራው መታሰቢያ ሥር፣ ከስታዲየም የሚወጣው ሰካራም ሽንቱን ይሸና፣ ያስታውክም ነበር። አባዬ ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። «መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ እንወቅ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ቆሻሻው አስጠልቶኝ፣ «ግሮስ ነው አባዬ፣ ካን ዊ ጎ?» እያልኩ እንድንሄድ እጅጌውን እጎትት ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሐይቁ ዳር ወደ ቆሙት ሐውልቶች ሄድን። ከረሃብ ሸሽተው በመርከብ የመጡ አየርላንዳውያን መታሰቢያ ናቸው፤ አጥንታቸው የወጣ የነሐስ ሰዎች፣ አንዱ እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ አንዷ መሬት ላይ የተዘረረች። የሐይቅ ወፎች ፊታቸው ላይ ኩሳቸውን ጥለውባቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። አባዬ ጥርስ እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብሎ፣ ጉንጫቸውን አንድ በአንድ አጽድቶ ጨረሰ።

የስፖርት ማሊያ የለበሱ ሦስት ወንዶች እየሳቁ የመጡት ያን ጊዜ ነው። አንደኛው ከተዘረረችው ሴት አጠገብ ተኝቶ ፎቶ ተነሣ። ሌላው፣ ፊቱ የቀላ ወፍራም ሰውዬ፣ የነከሰውን ሆትዶግ እጁን በዘረጋው ሐውልት አፍ ላይ ለጠፈው፤ ሰናፍጩ በአገጩ ወረደ።

አባዬ ሄዶ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛው፣ «እባክህ፣ እነዚህ ረሃብ ያሰደዳቸው ሰዎች ናቸው» አለው።

«ከየት ነህ?» አለ ሰውዬው።

«ከኢትዮጵያ።»

ሰውዬው ወደ ጓደኞቹ ዞረና፣ «እንግዲያማ ስለ ረሃብ ይሄ ያውቃል!» አለ። ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ባልዲውን እንዴት እንዳነሣሁት አላስታውስም። ኩስ የተቀላቀለበትን ውሃ በሙሉ ሰውዬው ነጭ ጫማ ላይ ደፋሁት። ሰውዬው ጮኸ፤ ስልኩን አወጣ፤ ቫኑ ላይ የተጻፈውን የኮንትራክተሩን ስልክ ቁጥር እያየ ኮል አደርጋለሁ አለ። አባዬ ግን ከኪሱ ንጹሕ ጨርቅ አውጥቶ፣ «ሶሪ ሰር፣ ልጅ ናት» ብሎ ተንበረከከና የሰውዬውን ጫማ ይጠርግ ጀመር። ቀና ሳይልም «ሶሪ በዪው» አለኝ። ሰውዬውን ሶሪ አልኩት። ያን ዓመት ካየሁት ቆሻሻ ሁሉ የአባዬ መንበርከክ ያህል ያስጠላኝ አልነበረም።

ሰውዬው ስልኩን ሳይደውል ኪሱ ከተተው፤ ሰዎቹ ሲሄዱ አባዬ ሰናፍጩን ከሐውልቱ አፍ አጠበ። ቫን ውስጥ ስንገባ እንዲህ አለኝ።

«ልጅ ይዞ ሥራ መግባት አይፈቀድም። ሰውዬው ቢደውል ኖሮ ሰኞ ሥራ አልነበረኝም፤ አንቺን ደግሞ ቅዳሜ ለማን እተዋለሁ?»

ሞተሩን አስነሥቶ፣ ወደ ሐይቁ እያየ፣ «ያቺን የተኛችውን እንዳየሻት፣ እኔም ተማሪዎቼን እንደዛ ሆነው አይቻቸዋለሁ» አለኝና መንገዱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጉዳይ አንስቶ አያውቅም።

አሁን እሱ ጉልበቱን ስለሚያመው ጡረታ ወጥቷል፤ እኔ ኖርዝ ዮርክ ቢሮ እሠራለሁ። ባለፈው እሑድ በሐይቁ ዳር ሳልፍ፣ ሁለት ወጣቶች የተዘረረችው ሴት ሐውልት ላይ ተቀምጠው ቢራ ሲጠጡ፣ ጣሳውንም ደረቷ ላይ ሲጨፈልቁ አየሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ እንደዚህ ያለውን ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር። አሁን ግን በዚህ የማጣው ሥራም፣ የምትራብብኝ ልጅም ሳይኖር፣ እንዳይጣሉኝ ብቻ ፈርቼ፣ ጆሮዬ ላይ ያለውን ሙዚቃ ከፍ አድርጌ አለፍኩ፤ ቤቴ እስክደርስም ራሴን እንደተጸየፍኩ ነበር።