ታጥቦ የመጣው ውሻ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ኤልዳና ውሻዋን አቅፋ፣ እኔም አጠገቧ ተጨናንቄ፣ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ውሻው ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰም። ባለባጃጁ በመስታወቱ አየን፣ "ለውሻም ሐኪም ቤት?" ብሎ ሳቀ። አልተቀየምኩትም። ሠላሳ ምናምን ዓመት የእንስሳት ደም ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ሳቅ ከደመወዜ ጋር ስቀበለው ኖሬያለሁ።

ዶክተሯ ገና ልጅ እግር ናት። ደም ከመውሰዷ በፊት የጥያቄ መዓት አወረደችብን። ምን በላ? የት ነው የሚተኛው? መዥገር አይታችሁበታል? ሽንቱ ምን ይመስላል? ኤልዳና ሰለቻት። ዶክተሯ ደሙን ቀድታ ወደ ውስጥ ስትገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እማዬ፣ ማሽን እያላት ይሄን ሁሉ ምን ያስጠይቃታል?" አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ጋሽ ካያሞ ትዝ አሉኝ። ለእሷ አሳጥሬ ነው የነገርኳት፤ አንድ ነገርም ዘልያለሁ። እዚህ አልዘልም።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ እዚህ ተመደብኩ። ከመናኸሪያው ተነስቶ እስከ ሐይቁ በእግር መሄድ የዋዛ ነበር። በዚያ የክረምት መውጫ መንገዱ ጭቃ ነው፤ በየጥጉ በቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ ሐይቁ ዳር ከደረሳችሁ ደግሞ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ተጠብሶ በዳጣ ይበላል። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፣ ቢሆንም እጅ አይመለስም። ዛሬም ዳጣ ስቀምስ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው የሚመጣብኝ።

ክሊኒካችን ቆርቆሮ ክዳን ያላት ሁለት ክፍል ነበረች። ሀብቷ አንዲት ማይክሮስኮፕ ናት፤ መብራት የላትም፣ ከሥሯ ባለች ትንሽ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለች ነው የምትሠራው። ደመና ሲሆን ሥራ ፈት ነን። እኔ ግን ያቺን ማይክሮስኮፕ እንደ ንግሥት ነበር የማያት፤ እውነቱን ለመናገር ራሴንም። ጋውኔን በየማታው በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። መምህራችን "ሰው ይዋሻል፣ ደም አይዋሽም" ይለን ነበር፤ ይህን አባባል ለገበሬው ሁሉ እደግምለታለሁ። የምናየው በአብዛኛው የከብት ደም ነው። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጳጉሜ ሲቃረብ ከተማዋ ለአብዮት በዓል መጽዳት ጀመረች። ድንጋዩ ኖራ ይቀባል፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ይገደላል። አለቃችን ዶክተሩ ከብት ለመከተብ ገጠር ወርዶ ክሊኒኩን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ጋሽ ካያሞ የመጡት ያኔ ነው።

ጋሽ ካያሞ መናኸሪያው አጠገብ ያለ የእህል መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ የሲዳማ ሰው። በገመድ የያዙት ውሻ መከታ ይባላል። ይንገዳገዳል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ጎረቤት "አብዷል" ብሎ ለቀበሌ አመልክቶባቸዋል። ግን እንዲህ ያለ ንጹህ ውሻ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። ጸጉሩ ያብለጨልጫል፤ የልብስ ሳሙና ይሸታል። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት ዘመን ነው፤ እኛ እንኳ እየቆጠብን ነበር የምንታጠበው።

"ዶክተር፣ ይሄ ውሻ አላበደም። አሞት ነው" አሉኝ።

ዶክተር አልነበርኩም። አላረምኳቸውም።

"ውሃ ይጠጣል?"

"ይጠጣል። ትንሽ ትንሽ።"

የጠየቅኩት ይህን ብቻ ነው። ምን ያስጠይቀኛል፣ ደም አይዋሽም! አፉን ጋሽ ካያሞ በጨርቅ አሰሩልኝ፤ እኔ ከኋላ እግሩ ደም ወሰድኩ፣ ቀጭን መስታወት ላይ ቀባሁ፣ አቀለምኩ፣ አደረቅሁ፣ ግማሽ ሰዓት አየሁ። ምንም የለም። "በደሙ ውስጥ ምንም የበሽታ ተሕዋስ አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩና ማኅተም አደረግኩበት፤ ለውበት ሁለተኛ ደገምኩት። ጋሽ ካያሞ ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። ምሥራች መስሏቸው ነው። እኔም መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መከታን በገመድ ይዘው ተመልሰው መጡ። "የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀትሽን አንብቦ፣ ይገደል አለ" አሉኝ። ጋውኔን እንደለበስኩ አብሬያቸው ወደ ቀበሌው ሮጥኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በሙያው ልብስ ሰፊ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ አመለከተኝ።

"ጓዲት፣ ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"አዎ። ምንም አልተገኘም ነው የሚለው።"

"እኮ! ሌላ በሽታ ከሌለበት፣ ታዲያ ምን ያንገዳግደዋል? ያበደ ነዋ! አንቺው ራስሽ አረጋገጥሽልን።"

እንዲህ ተብሎ ሊነበብ እንደሚችል በፍጹም አላሰብኩም ነበር። አለማግኘትና አለመኖር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ቀን ነው የተማርኩት፤ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፣ ወይም ሲያስተምሩ ጋውን እተኩስ ነበር።

"በሕይወት ያለ ውሻ ማበዱ በደም አይታወቅም" አልኩት እንደምንም።

"አውቃለሁ። ጭንቅላቱ ተቆርጦ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ይመረምሩታል። አምና አንዲት ሕፃን ተነክሳ ሞታብናለች፤ እናቷ ዛሬም በዚህ በር ስታልፍ ቀና ብዬ አላያትም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የአብዮት ጥበቃዎቹ ክሊኒክሽ ይመጣሉ።"

ጋሽ ካያሞ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። "ጭንቅላቱ ተቆርጦ፣ አላበደም ቢባልስ?" አሉ።

ሊቀመንበሩ መለሰላቸው፤ "ያኔ እናዝናለን።"

ስንወጣ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ጋሽ ካያሞ ጥቂት እንደሄዱ ቦይ ውስጥ ገቡ። አነሳኋቸው። ትንሽ ቆይተው ከአጥር ጋር ተጋጩ። ደነገጥኩ፤ የጠጡ መሰለኝ። እጄን አጥብቀው ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዳፍንት አለብኝ ልጄ። ፀሐይ ስትገባ ዓይኔ ይጠፋል። ለማንም አልተናገርኩም። መጋዘኑ ከሰማ እንጀራዬ አለቀ።"

"ታዲያ ሌሊት እንዴት ነው የሚጠብቁት?"

"እኔ መች እጠብቃለሁ! መከታ ነው የሚያየው። እሱ ወደ ጮኸበት ዞሬ፣ 'ማነህ! ቁም!' እላለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን።"

መከታ ተንገዳግዶ ሊመራቸው ይሞክራል፤ አልቻለም። ሁለቱንም እየደገፍኩ መጋዘኑ አደረስኳቸው። ውሻው ጆንያው ላይ ተዘረረ። ጆንያው ላይ ጥቁር ቡናማ እድፍ አየሁ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ቡና ነው፤ የደፋሁት። ሰሞኑን በየቀኑ እደፋለሁ መሰለኝ። ዓይኔን እያየሽው።"

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ቡና አልነበረም፤ የውሻው ሽንት ነው። "ጋሽ ካያሞ፣ መዥገር ነበረበት እንዴ?"

"ኡ! መዓት! ቤት ካለችው ላሜ ጋ አይደል የሚውለው? ታዲያ መንግሥት ቢሮ ከነመዥገሩ ይዤው ልምጣ? ነውር አይደለም? ቀን ሙሉ በጣቴ እየዳሰስኩ አንድ በአንድ ለቀምኩለት። ከዚያ ሐይቁ ወስጄ አጠብኩት። የወሩን ሳሙና ጨረስኩ።"

ለእኔ ክብር ሲሉ ምልክቱን ሁሉ አጥበው አመጡልኝ። መዥገር ያለበት ውሻ፣ ሽንቱ የቡና አተላ የመሰለ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ "የመዥገር ትኩሳት" ይላል። የዚህን በሽታ ተሕዋስ ለማግኘት ደግሞ ደሙ የሚወሰደው ከጆሮ ጫፍ መሆኑን፣ እዚያ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እንደሚከማች ተምሬያለሁ። አውቅ ነበር። ከኋላ እግሩ የወሰድኩት አፉን ስለፈራሁ ነው። ያበደ ቢሆንስ ብዬ፣ ከጥርሱ በጣም የራቀውን ቦታ መረጥኩ። ለኤልዳና ሳልነግራት የዘለልኩት ይህንን ነው።

በማግስቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ነበርን። አፉን አሰርን፤ ጆሮውን በመርፌ ጫፍ ወጋሁ። አንዲት ጠብታ። ቀባሁ፣ አቀለምኩ፣ አደረቅሁ። ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ላይ አድርጌ መስታወቱን አዞርኩ። ጨለማ። ሰማዩ ደመና ነው። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ደመና ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ጥበቃዎች ጋር ግቢው ገባ። ጋሽ ካያሞ ውሻውን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ በሲዳምኛ ይጸልያሉ። እኔም በልቤ፣ ለበዓል እንኳ ቤተ ክርስቲያን የማልሄደው፣ ስለት ተሳልኩ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደመናው ሳሳ። መስታወቷ ላይ ብርሃን አረፈ። ወዲያው አየኋቸው። በቀዩዋ የደም ክብ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ፣ ሽንብራ የሚመስሉ።

"ጓድ ሊቀመንበር! ና እይ!"

ጎንበስ አለ። "የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው" አለ። ቦታውን አስተካከልኩለት። ረጅም ጊዜ አየ። ልብስ ሰፊ አይደል፣ ጥቃቅን ነገር ላይ ዓይኑን ይተክላል።

"እነዚህ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው። ደሙን እየጨረሱት ነው። ደም ያነሰው ሰው ይንገዳገድ የለ?"

ቀና ብሎ ጥበቃዎቹን አየ፣ ከዚያ ጋሽ ካያሞን። "አሥር ቀን ታስሮ ይቆይ። ያበደ ከሆነ እስከዚያ አይደርስም። ከዳነ ዳነ" አለና ሄደ።

መድኃኒቱ ለከብት የምንወጋው ቢጫ መርፌ ነው። ለውሻ ትንሽ ከበዛ ይገድለዋል፤ ክብደቱን ማወቅ አለብኝ። ሚዛን ከየት ይምጣ? መጋዘኑ ሄድን። ጋሽ ካያሞ መከታን ታቅፈው የእህል ሚዛኑ ላይ ወጡ፣ ከዚያ ብቻቸውን ወጡ፣ ቀነስኩ። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሞቱ። ወጋሁት። ሦስተኛው ቀን የዓሣ መረቅ ላሰ። በአሥረኛው ቀን ሊቀመንበሩ ሊያየው ሲመጣ ተነስቶ ጮኸበት፤ ሊቀመንበሩም ከልቡ ደስ አለው።

ያን ቀን ጋሽ ካያሞ ክሊኒክ መጡ። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ዶክተር፣ ይቅር በይኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ የምታዪውን እኔ አጠብኩብሽ። ላስገድለው ነበር።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጋሽ ካያሞ፣ ቢታጠብም ባይታጠብም ጆሮውን ብወጋ አገኘው ነበር፤ ፈርቼ ነው፤ አልጠየቅኩዎትም ማለት ነበረብኝ። ቅቤውን አየሁ፤ ባርኔጣቸውን አየሁ። "ምንም አይደል፣ ለወደፊቱ እንዳይደግሙት" አልኳቸው። እንደዚህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

እሳቸው ደግሞ ለሰሚው ሁሉ ማወጅ ያዙ፤ በጸሎት ቦታ፣ በገበያ፣ በመናኸሪያ። "ውሻችሁን ሳታጥቡ ውሰዱ! እኔ አጥቤ ገድዬው ነበር!" ሰዉ ሰማቸው። በዓመቱ ክሊኒካችን ጭቃና መዥገር በተሸከመ ውሻ ተሞላ፤ አንዱ ሆን ብሎ ጭቃ ውስጥ አንከባሎ ያመጣም ነበር። አለቃዬ "ይሄን ልማድ ማን አመጣው?" እያለ ይገረማል። እኔ ሥራዬ ላይ አቀረቅራለሁ። ሙያዬን ያወቅኩት በዚያ ዓመት ነው፤ መጀመሪያ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ መርፌ አነሳለሁ። ጋሽ ካያሞ ባገኙኝ ቁጥር ግን ይቅርታቸውን ይደግሙታል። ሁለት ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ቤታቸው ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቆጮ በአይብ አብልተው፣ ለጎረቤት "ዶክተሬ ናት" ብለው አስተዋውቀው ላኩኝ። ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው።

ይህን ለኤልዳና እያወራሁ ሳለ ወጣቷ ዶክተር በሩን ከፍታ ወጣች። ፊቷ ቀላ ብሏል።

"ይቅርታ እማማ፣ ደሙ ረግቶብኛል። ብልቃጡን ቶሎ መነቅነቅ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። እንደገና ልውሰድ?"

ኤልዳና "እሺ" ብላ ውሻዋን አቀፈችላት። ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ዶክተሯ ደሙን ወሰደች፤ ብልቃጡን እየነቀነቀች ተመለሰች፤ ማንም አልናቃት።

ያን ያህል ቀላል ነበር። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ። ኤልዳና "ይድናል እኮ እማዬ፣ አታልቅሺ" አለችኝ። ለውሻው ያለቀስኩ መሰላት።